በእትዬ ዘይነባ አፈር ውስጥ ያገኘሁት ሸምቀቆ

የጡረታ ፎርሜን የሞላችልኝ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «የሥራ ዓይነት?» አለችኝ።

«አፈር አያለሁ» አልኳት።

ጣቶቿ ቆሙ። «ማለት… ግብርና?»

«አይደለም። አፈሩን በማይክሮስኮፕ ነው የማየው፤ ውስጡ ምን እንደሚኖር።»

ትንሽ አሰበችና «የቢሮ ሠራተኛ» ብላ ጻፈች። ሃያ ስድስት ዓመቴ በሁለት ቃል አለቀ። አልተቀየምኳትም፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ደረጃው ድረስ ወርዶ ነበር። ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የቀረውን ራሴ እጽፈዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ዘነበች እባላለሁ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ካዛንቺስ ያለ አንድ የአፈር ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪ ብልቃጥ አጥብ ነበር። ላብራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጣልያን ለሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ነው። ሳሎኑ የአፈር መቀበያ፣ መኝታ ቤቱ የኬሚካል ክፍል፣ ወጥ ቤቱ የማይክሮስኮፕ ክፍል ነበር። ወጥ ቤቱ የተመረጠው ቧንቧ ስላለውና መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ነው። የመጀመሪያው ማይክሮስኮፓችን አምፖል አልነበረውም። ከሥሩ ያለች ትንሽ መስታወት የፀሐይዋን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች። ደመና ከመጣ ሥራ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ የሪፖርት መጻፊያ ወራት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ቶሎ የሚያልቅ ነበር፣ የሁሉም ሰው እንደዚያው ነበር።

በዚያ ወጥ ቤት የሚያዝዙት ጋሽ ነጋሽ የሚባሉ ቴክኒሺያን ነበሩ። በማዕረግ ከእኔ ብዙም አይበልጡም፤ ዶክተሮቹ ግን ነገር ሲጠፋባቸው በራቸውን አንኳኩተው ነው የሚገቡት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሌንሱ ላይ ጎንበስ ስል ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ሁለቱንም ክፈቺ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በአንዱ እኮ ጠረጴዛው ነው የሚታየኝ።»

«ይታይሽ። አንዱን ከጨፈንሽ ምሳ ሳይደርስ ትደክሚያለሽ። የደከመ ሰው ያላየውን ይጽፋል።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ በግራ ዓይኔ የአፈር ፍርፋሪ፣ በቀኝ ዓይኔ የሻይ ብርጭቆ አይ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ያዞረኛል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ታክሲ ውስጥ ወያላው «እናቴ፣ አሞዎታል?» ብሎ መስኮት ከፈተልኝ። ከዚያ አንድ ማለዳ ጠረጴዛው ጠፋ። ዓይኔ ክፍት ነው፣ ግን አያየውም። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። «እንኳን ደስ አለሽ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ያዩትን ነገር በእርሳስ ሳይስሉ መጽሐፍ አይከፍቱም። «መጽሐፉን ካስቀደምሽ፣ እዚያ ያለውን ሥዕል ነው ሌንሱ ውስጥ የምታዪው» ይሉኝ ነበር። አፈር የተዘራበትን ክብ የመስታወት ሳህንም ቶሎ አይጥሉም። ሌላው ሰው በሳምንቱ የሚደፋውን እሳቸው ወር ያቆዩታል። መደርደሪያው በሳህን ተሞልቶ፣ ክፍሉ ዝናብ እንደመታው ጓዳ ይሸት ነበር። የተክል ሥር ከመጣላቸው ደግሞ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተው፣ እንደ ሰላጣ ቅጠል ቀስ እያሉ ያጥቡታል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው በባዶ ዓይናቸው ያዩታል፤ ረጅም ጊዜ ነው የሚያዩት። እኔ በልቤ፣ ታዲያ ማይክሮስኮፑ ለምን ተገዛ እል ነበር።

ጋሽ ነጋሽ ጡረታ ሲወጡ ወጥ ቤቱ ለእኔ ቀረ። አርባ ዓመቴን ልይዝ ነው፤ ዶክተሮቹ አሁን የእኔን በር ማንኳኳት ጀምረዋል። ትንሽ ኮራ ብያለሁ። እትዬ ዘይነባ የመጡት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ዘይነባ ከመስቀል ፍላወር ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ሴት ናቸው። አበባ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የአጥር ተክል፤ ሁሉም በየመደቡ። ሦስት የጠወለጉ የቲማቲም ችግኞች በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ከሥሩ ጫፍ ቆንጠር አድርጌ አጋር ላይ፣ ማለትም ሻጋታ በምናበቅልበት እንደ ጄሊ በረጋው ነገር ላይ አስቀመጥኩና የቀረውን ጣልኩ። በአምስተኛው ቀን ነጣ ቀላ ያለ ፈንገስ በቀለ። ዘሩ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ነው፤ ተክል የሚያጠወልግ የታወቀ ዓይነት። በጥንቃቄ ሳልኩት፣ መጽሐፉን ከፈትኩ፣ ገጠመ። ችግኞቹ ይቃጠሉ፣ መሬቱ ላይ ፈንገስ የሚገድል ዱቄት ይነስነስ ብዬ ጻፍኩ።

እንዳልኳቸው አደረጉ። ጤነኛ የሚመስሉትን አጎራባች መደቦች ጭምር ነቅለው አቃጠሉ። እንደገና ዘሩ፤ እንደገና ጠወለገ። የአንድ ዓመት ሥራቸው ሄደ።

ተመልሰው ሲመጡ አልጮሁብኝም። ቤታቸው አጥበው ያመጡትን ሥር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ሥሩ በሙሉ ሰሊጥ የሚያህል እባጭ ወጥቶበታል። ማንም ሰው ሳይማር የሚያየው ነው። አንዱን እባጭ በመርፌ ከፍቼ ሌንስ ሥር ሳደርገው ትሎች ወጡ፤ በዓይን የማይታዩ፣ ሥር ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ትሎች። ፈንገሱ የተዳከመው ሥር ላይ በኋላ የመጣ እንግዳ ነበር። እኔ እንግዳውን ይዤ ባለቤቱን ለቀቅኩ።

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ሌላ በሽታ ተጨምሮበት ይሆናል» አልኳቸው። ያመጡትን ሥር ጠቅልለው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ለገሃር አካባቢ ጋሽ ነጋሽ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው።

«ሥሩን አይተሽው ነበር?» አሉኝ።

«ቆርጬ አጋር ላይ አስቀምጬዋለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። አይተሽዋል ወይ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ተነሥተው ሻይ ቀዱልኝ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱብኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥር አጥቤ ሳላይ ጽፌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አለቆች ተፈራረቁ። አንዱ ሪፖርት ሁሉ በሦስት ቅጂ ካልሆነ አይፈርምም። ሌላው ሌንስ ይሰረቃል ብሎ ስለሚፈራ ሁልጊዜ ማታ ካዝና ውስጥ ይቆልፈው ነበር፤ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ስብሰባ ይሄዳል። አምፖል ያለው ማይክሮስኮፕ መጣ፣ መብራት ሲጠፋ ግን አሮጌዋን አወጣታለሁ። ሰፈሩ መፍረስ ጀመረ። በግራችን ያለው ቤት ሆቴል ሆነ፣ በቀኛችን ያለው ጉድጓድ ሆነ። በመጨረሻ ዶክተር ዳዊት የሚባል አለቃ ተሾመ። ከመጀመሪያ ልጄ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሰው አክባሪና ችኩል። የእኔን ክፍል አዲስ ለሚመጣው የኬሚካል ማሽን ፈለገው።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ በዓመት ስንት ናሙና ነው በማይክሮስኮፕ የሚያዩት?» አለኝ።

«የመጣውን ያህል።»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ። ማሽኑ በቀን የሚሠራውን ያህል አይሞላም። እስከ መስከረም እንይና እንወስን።»

እትዬ ዘይነባ ዳግመኛ የመጡት በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። በእጃቸው አንድ ትንሽ ጆንያ ይዘዋል፤ ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገውት ነው የመጡት።

«አላወቅሽኝም?» አሉ።

«አልረሳሁዎትም» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ወንበር ሰጠኋቸው። «ያ ትል አለቀቀኝም» ብለው ጀመሩ። «አንዱን መደብ ይተዋል፣ ሌላውን ይይዛል። ከኋላ አጥሩ ሥር፣ ቅጠል የማበሰብስበት ጥግ ያለችው መደብ ግን አንድ ቀን ነክቷት አያውቅም። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ እባጭ ነው፣ እሷ ደህና ናት። አሁን አንድ መድኃኒት የሚነፋ ሰው አገኘሁ። ቅዳሜ ይመጣል። ግቢውን በላስቲክ ሸፍኖ በጋዝ ያጥነዋል፣ አፈር ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይቀርም ይላል። አጥሩ ሥር ያለችዋን ተውልኝ ብዬ ብነግረው፣ አይሆንም፣ ትሉ ከእሷ ይወጣል አለ። እኔ ደግሞ እሷን ማስነካት ፈራሁ። ውስጧ ምን እንዳለ ልወቅ ብዬ ነው።»

«እስከ ቅዳሜ አልደርስም» አልኳቸው። «ሳምንታት ይፈጃል። ሰውየውን ማቆየት አለብዎት።»

«ባቆየውና ምንም ባይኖርስ? ሰኔ ሲገባ ነው ሰው ችግኝ የሚገዛኝ። ትሉ እስከዚያ ቢጨርሰው የዓመቱ ነገር አለቀ።»

ቀደም ሲል ያልተናገርኩትን እዚህ ላይ ተናገርኩ። «እትዬ ዘይነባ፣ ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሌላ በሽታ አልተጨመረበትም። ሥሩን ሳላይ ነው የጻፍኩት። አሁንም ልሳሳት እችላለሁ፤ ይህን እያወቁ ይወስኑ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አውቃለሁ» አሉ። «እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ትንሽ ቆየሽ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እኔ መጡ?»

«አፈር የሚያይ ሌላ ሰው አላውቅም» አሉና የደህናዋንና የታመመውን መደብ አፈር ለየብቻ ቋጥረው ያመጡበትን ጆንያ ትተውልኝ ወጡ። የሰውየውን ቀጠሮ ወደ ክረምቱ መግቢያ አዘዋወሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ስስ አጋር የፈሰሰባቸው አሥራ ሁለት ሳህኖች አዘጋጀሁ። በእያንዳንዱ መሃል ከዚያች መደብ አፈር በጣቶቼ ጫፍ ቆንጥሬ በተንኩ። ከታመመው መደብ ደግሞ ትሎቹን በውሃ አጣርቼ ላያቸው ላይ ጠብ አደረግኩ። ከዚያ ማየት ነው፤ በየቀኑ፣ ሳህን በሳህን። በመጀመሪያው ሳምንት የተለመደ ሻጋታ ወጣ። ትሎቹ እንደልባቸው ይዋኛሉ። በአሥረኛው ቀን ዶክተር ዳዊት በር ላይ ቆሞ «አሁንም ያው ናቸው?» አለኝ። «ያው ናቸው» አልኩት። በሌላ እጅ ቢሆኑ ያን ቀን ይደፉ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በሰባተኛው ሳህን ጠርዝ ላይ፣ ከአንድ ቀጭን የፈንገስ ክር ጎን አንዲት ቀለበት አየሁ። በአጭር ግንድ ላይ የቆመች፣ ክብ፣ የአሻንጉሊት ጉትቻ የመሰለች። ፈንገስ ቀለበት ሲሠራ አይቼ አላውቅም። አረፋ መሰለኝ። ሌንሱን ቀየርኩ፤ አረፋ አይደለም፣ ሦስት ክፍሎች ተያይዘው የሠሯት ናት። አጠገቧ ሌላ አለች፣ ከዚያ ሌላ። ክሩ በሙሉ በቀለበት ተሞልቷል። እርሳሴን አንሥቼ መሳል ስጀምር አንድ ትል እየተጥመለመለ መጣና ራሱን በአንዷ ውስጥ አስገባ።

ቀለበቷ አበጠች። ስታብጥ አላየኋትም፤ ባዶ ነበረች፣ ወዲያው ሞላች። ሦስቱ ክፍሎች በቅጽበት ወደ ውስጥ ተነፍተው ትሉን አንገቱ ላይ አነቁት። ትሉ ተወራጨ፣ ክሩን ሁሉ አናወጠው፣ አልለቀቀችውም። ከሰዓት በኋላ ሳየው ከቀለበቷ የበቀሉ ክሮች ትሉን ከውስጥ ሞልተውታል። ፈንገሱ ትል እያደነ ነው የሚበላው።

ሥዕሉን ጨረስኩ። ከዚያ ወጥቼ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠራሁ፤ ገንዘብ ያዥዋን፣ ዘበኛውን፣ ዶክተር ዳዊትን። ተራ በተራ ሌንሱ ላይ ጎንበስ አሉ። ዘበኛው ገና ሲያየው «ይኼማ ሸምቀቆ ነው» አለ፣ «ለጅግራ እንጠምደው የነበረው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሮው ስሙ ሸምቀቆ ሆነ። ዶክተር ዳዊት የስልኩን ካሜራ ሌንሱ ላይ ገጥሞ ፊልም ለማንሣት ተቀመጠ። ትሉ ወደ ቀለበቷ ይጠጋል፣ ይመለሳል። «ግባ እንጂ» ይላል በሹክሹክታ። ስብሰባ እንዳለበት ያስታወሰችው ገንዘብ ያዥዋ ናት፤ ስብሰባው ያን ጊዜ ተጀምሯል።

ስሙን ግን ገና አላወቅኩም። ያለን መጽሐፍ ስለ እንደዚህ ያለ ፈንገስ የሚያወራው በሦስት ገጽ ነው፤ ቀለበት የሚሠሩትም ብዙ ዓይነት ናቸው። ሥዕሌን ይዤ ጋሽ ነጋሽ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖት ሥዕሉን ማየት አልቻሉም። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ንገሪኝ» አሉኝ።

«ቀለበት ይሠራል፣ ጋሼ።»

«ስንት ክፍል?»

«ሦስት።»

«ግንዷስ?»

«አጭር፤ ሁለት ክፍል።»

«ትሉ የሚያዘው ተጣብቆ ነው ታንቆ?»

«ታንቆ። በዓይን አይያዝም፣ እንዲያ ይፈጥናል።»

ፈገግ አሉ። «በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን አላየሁትም። ዘሩንስ አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ስም አትስጪው። ሳህኑ ትንሽ ይድረቅ፣ ያኔ ዘር ያወጣል።»

ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ጠበቅኩ። ከስምንት ቀን በኋላ ቀጥ ብለው የቆሙ ክሮች ወጡ፤ በጫፋቸው ላይ ዘር እንደ እቅፍ አበባ ተሰብስቧል። በሰማያዊ ቀለም ነክሬ ለካሁት። ቀጠን ረዘም ያለ፣ ጣት የመሰለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግድግዳ ብቻ ያለው። መቶ ያህል ዘር አየሁ፣ ሁሉም አንድ ግድግዳ። ከዚያ ነው መጽሐፉን የከፈትኩት። አርትሮቦትሪስ ዳክቲሎይደስ ይላል። ስሙን ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዘሩን ያስቀመጥኩበትን ስስ መስታወት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ላክሁለት። ከወር በኋላ መልሱ መጣ፤ ልክ ነው፣ ለሳይንስ አዲስ አይደለም፣ ግን እሱ ራሱ ከመጽሐፍ ውጭ አይቶት አያውቅም፣ ከየት ግቢ እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል።

ስም ማወቅ ለእትዬ ዘይነባ አይጠቅምም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ዘጠኝ ማሰሮ ደረደርኩ። በሁሉም ውስጥ ትል ያለበት አፈር ነው። ሦስቱን እንዲሁ ተውኳቸው። ሦስቱ ላይ ከደህናዋ መደብ እፍኝ እፍኝ ጨመርኩ። በቀሩት ሦስት ላይ ያንኑ አፈር በእንፋሎት ቀቅዬ፣ ፈንገሱን ገድዬ ጨመርኩ። ሁሉም ላይ ቲማቲም ተከልኩ። ስድስት ሳምንት እትዬ ዘይነባ ሳያርፉ እየመጡ አዩዋቸው። ዶክተር ዳዊትም በየጠዋቱ ውሃ ያጠጣቸው ነበር፤ እንዳያበዛባቸው ሁለት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነቀልናቸው። እትዬ ዘይነባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋው አጠገብ ተቀመጡና እኔን ሳይጠይቁ ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ። እንዲሁ የተተዉት ሦስቱ በእባጭ ተሞልተዋል። የተቀቀለው አፈር የተጨመረባቸውም እንደዚያው። ያልተቀቀለው ከተጨመረባቸው የሁለቱ ሥር ንጹሕ ሊባል ይችላል፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት እባጭ ነው። ሦስተኛው ግን እንደሌሎቹ አብጧል።

«ይኼኛውስ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። «ምናልባት ፈንገሱ አልያዘበት ይሆናል። ሁልጊዜ ይሠራል ልልዎት አልችልም።»

ሥሩን ገለባብጠው አዩት። «ከሦስት ሁለት» አሉ። «ያ ሰውዬ ከነፋው በኋላ አጥሩ ሥር ያለችው ትኖራለች?»

«አትኖርም።»

«እንግዲያው አይምጣ።»

ሰውየው አልመጣም። ከደህናዋ መደብ አፈርና ብስባሽ እያነሡ ወደ ሌሎቹ መደቦች በተኑ፣ በየዓመቱም እንደዚያ ያደርጋሉ። ትሉ ጠፋ አልልም። ያን ክረምት ሁለት መደብ ተበላባቸው፤ ሌሎቹን ሸጡ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ብቻ። መስከረም ሲመጣ ዶክተር ዳዊት ማሽኑን መኝታ ቤቱ ውስጥ አስገባው። መኝታ ቤቱ ጠቧል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እሱ ግን «ወጥ ቤቱ ተይዟል» ብሎ መለሰላቸው።

እትዬ ዘይነባ በሌንሱ ያዩት ሥሮቹን ባጠብን ዕለት ነው። እስከዚያ ሁልጊዜ «ምን ይታየኛል» እያሉ እምቢ ይሉ ነበር። ያን ቀን እጃቸውን አደራረቅሁላቸው፣ ወንበሩን ከፍ አደረግኩላቸው። ሁለቱንም ዓይን እንዲከፍቱ አልነገርኳቸውም፤ አንዱን በመዳፋቸው ሸፍነው ጎንበስ አሉ።

ብዙ ቆዩ። «ክር ይታየኛል» አሉ። ቀጥለው «ቀለበቶቹ እነዚህ ናቸው?» አሉ። ውጭ በቀኛችን ባለው ጉድጓድ ግንበኞች ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ የማቡኪያቸው ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ዶክተር ዳዊት መጣና ከኋላችን ቆመ። ትሉ እየቀረበ መሆኑን ከትከሻቸው አወቅኩ፤ እስትንፋሳቸውን ያዙ።

«ያዘችው» አሉ በዝግታ።

ቀና አላሉም። እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ክንዴን ጨበጡኝ።

«ይኼ ሁሉ አደን በእግሬ ሥር ነበር?» አሉ።

«ነበር።»

«እኔ ደግሞ ብቻዬን የምለፋ ይመስለኝ ነበር።» ከኋላ የቆመውን ዶክተር ሰምተው መሰል፣ «በሉ እንግዲህ ተነሥቼ ለእሳቸው ቦታ ልልቀቅ» አሉ። ዶክተር ዳዊት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እሳቸው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሡም።